በሮም ዕቃ መሸመት፦ የት፣ መቼ እና እንዴት? ዝርዝር መመሪያ

ሮም ውስጥ «ገበያው የት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጥ አንድ መልስ የለም። ከተማዋ እንደ መርካቶ ሁሉን በአንድ ያቀፈ ገበያ የላትም፤ ጥሩ የቆዳ ጫማ የሚሸጥባቸው ጎዳናዎች፣ ቅመምና እህል የሚገኝበት አዳራሽ፣ ልባሽ ጨርቅ የሚዘረጋበት ሰፈር እና የታወቁ ፋብሪካዎች ያለፈ ወቅት ምርታቸውን በቅናሽ የሚያቀርቡበት መንደር እርስ በርሳቸው የተራራቁ ናቸው። ስለሆነም ዕቅድ ሳይዝ የወጣ መንገደኛ ቀኑን ሙሉ በታሪካዊ ሐውልቶቹ ዙሪያ ሲመላለስ ይውልና በየትኛውም የዓለም ከተማ ሊያገኘው የሚችለውን ሸሚዝ ይዞ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ይህ መመሪያ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ለሥራ፣ ለጉብኝት ወይም ለመንፈሳዊ ጉዞ ሮም ለሚገቡ፣ እንዲሁም በሌሎች የአውሮፓ አገሮች እየኖሩ ለጥቂት ቀናት ወደ ከተማዋ ብቅ ለሚሉ ወገኖች የተዘጋጀ ነው። ዋና ምክሬ ገንዘብዎን ጣሊያኖች በእጃቸው ሙያ በታወቁባቸው ነገሮች ላይ፣ ማለትም በቆዳ ጫማና ቦርሳ፣ በወንዶች ሙሉ ልብስ፣ በወርቅ፣ በወጥ ቤት ዕቃ እና በደረቅ ምግብ ላይ እንዲያውሉ ነው።

አንደኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ይምረጡ

በጣሊያን የዓመቱ ትልቅ ቅናሽ በሕግ የተወሰነ ወቅት አለው። ጣሊያኖች «ሳልዲ» የሚሉት ይህ ቅናሽ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ የክረምቱ በፈረንጆች ጥር ወር መጀመሪያ ላይ፣ በእነርሱ የጥምቀት በዓል ዋዜማ አካባቢ የሚጀምር ሲሆን የበጋው ደግሞ በፈረንጆች ሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ይከፈታል። በሮም እያንዳንዱ ወቅት ለስድስት ሳምንታት ያህል ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚፈልጉት ቁጥር የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ቅናሹ ከፍ ይላል፣ ነገር ግን የሚቀሩት በጣም ትናንሽና በጣም ትላልቅ ቁጥሮች ናቸው። የገና ሰሞን ጉዞ ያቀዱ ሰዎች መመለሻቸውን በጥቂት ቀናት ቢያዘገዩ አንድን ጫማ በግማሽ ዋጋ ሊያገኙት ይችላሉ።

ቅናሹ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የዋጋ ማሳያውን ካርድ ያንብቡ። ነጋዴው የቀድሞውን ዋጋ፣ የቅናሹን መቶኛ እና አሁን የሚከፈለውን ዋጋ በግልጽ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ የቀድሞ ዋጋ ተብሎ የሚጻፈውም ዕቃው ቅናሹ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ የተሸጠበት ዝቅተኛው ዋጋ ነው። የቀድሞ ዋጋው ያልተጻፈበትን ዕቃ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ እንደ ቅናሽ አይቁጠሩት።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ታላላቆቹ መደብሮች ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለ ማቋረጥ ክፍት ሲሆኑ ብዙዎቹ ትናንሽ ሱቆች ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ወይም 10 ሰዓት ድረስ ለምሳ ይዘጋሉ። ሱቆቹ በራፍ ላይ የሚለጠፈው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 13:00 የእኛ 7 ሰዓት፣ 16:00 ደግሞ የእኛ 10 ሰዓት መሆኑን ያስቡ። በርከት ያሉ ትናንሽ ሱቆች ሰኞ ጠዋት አይከፍቱም፤ በፈረንጆች ነሐሴ 15 ቀን በሚውለው በዓል ሰሞን ደግሞ ባለሱቆቹ ወደ ባሕር ዳርቻ ስለሚሄዱ የሰፈር ሱቆች ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይዘጋሉ። ባለሙያ ጫማ ሠሪ ወይም ልብስ ሰፊ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ነሐሴን ቢተወው ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ፓስፖርት፣ ካርድ እና ልክ ይዘው ይውጡ

መኖሪያዎ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ ፓስፖርትዎን ይዘው ይውጡ። በጣሊያን ተጨማሪ እሴት ታክስ ለአብዛኛው ዕቃ 22 በመቶ ሲሆን በመደብር ውስጥ በተጻፈው ዋጋ ላይ አስቀድሞ ተደምሮ ይገኛል፤ ይህም ከሚከፍሉት 100 ዩሮ ውስጥ 18 ዩሮ ያህሉ ታክስ ነው ማለት ነው። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአንድ መደብር በአንድ ጊዜ ከ70 ዩሮ በላይ የገዛ የኅብረቱ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ይህን ታክስ ማስመለስ ይችላል፤ ቀደም ሲል ይጠየቅ የነበረው ከ154 ዩሮ በላይ ነበር። ስለዚህ ከሦስት መደብሮች በ50፣ በ50 ዩሮ ከመግዛት ከአንዱ ጠቅልሎ መግዛት ይበጃል። ሰነዱ የሚዘጋጀው ሲከፍሉ እዚያው ካዝናው ፊት በመሆኑ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። የጣሊያን ወይም የሌላ የኅብረቱ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች፣ ፓስፖርታቸው ኢትዮጵያዊ ቢሆንም እንኳ፣ የዚህ መብት ተጠቃሚ አይደሉም።

ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ የባንክ ካርድ አልቀበልም የሚል ነጋዴ በገንዘብ ስለሚቀጣ በሱቆች በካርድ መክፈል ችግር የለውም፤ ጥሬ ገንዘብ በዋናነት የሚያስፈልገው ለሰንበት ገበያዎች ነው። የካርድ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በራስዎ ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ ዩሮን ይምረጡ፤ ሌላውን ሲመርጡ ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ድርጅት ስለሚሆን ዋጋው ይንራል።

ለቤተሰብ የሚገዙ ከሆነ ልኩን አስቀድመው ይውሰዱ። የጫማ ቁጥር አገር ቤት ከለመድነው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አያስቸግርም፤ ቢሆንም የእናትን ወይም የልጅን እግር በወረቀት ላይ አስምሮ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር መያዝ ከቁጥሩ የበለጠ ያስተማምናል። የሚያሳስተው የልብስ ቁጥር ነው። የጣሊያን የሴቶች ልብስ 42 ቁጥር ከፈረንሳዩ 38 እና ከጀርመኑ 36 ጋር እኩል ነው፤ ጀርመን ስትኖር 40 ቁጥር የምትለብስ እህት ሮም ውስጥ 46 መጠየቅ አለባት ማለት ነው። ለወንዶች ኮት ደግሞ የጣሊያኑ 50 በእንግሊዝና በአሜሪካ 40 የሚባለው ነው።

ሦስተኛ፦ ጎዳናውን እንደ አቅምዎ ይምረጡ

አብዛኛው ጎብኚ የሚያውቀው ቪያ ዴል ኮርሶ የተባለውን፣ ከፒያሳ ቬኔሲያ እስከ ፒያሳ ዴል ፖፖሎ በቀጥታ የሚዘልቀውን የአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለውን ጎዳና ነው። በዓለም ዙሪያ ቅርንጫፍ ያላቸው የልብስ መደብሮች እዚህ ተደርድረዋል። በጎዳናው መካከል የሚገኘውና በ1922 ለሕዝብ የተከፈተው፣ በኋላም በተዋናዩ በአልቤርቶ ሶርዲ ስም የተሰየመው በመስታወት ጣሪያ የተሸፈነ የገበያ መተላለፊያ ለዝናብ ቀን ጥሩ መጠለያ ነው። ከፒያሳ ዲ ስፓኛ ደረጃዎች ፊት ለፊት የሚጀምረው ቪያ ኮንዶቲ ደግሞ የቅንጦት ዕቃ ጎዳና ሲሆን፣ ከግሪክ ምድር በመጣው አንጥረኛ በ1884 ሮም ውስጥ የተመሠረተው የቡልጋሪ ጌጣጌጥ ቤት ዋና መደብር የሚገኘው እዚያው ነው። ባይገዙም የመስኮቶቹን አሠራር እየተመለከቱ ማለፍ ዓይንን ያስተምራል፤ እውነተኛ የእጅ ስፌት ምን እንደሚመስል አንዴ በቅርበት ያየ ሰው በሌላው ሰፈር በቀላሉ አይታለልም።

ጊዜዎ አንድ ቀን ብቻ ከሆነና ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ማየት ከፈለጉ፣ በቪያ ዴል ትሪቶኔ በ2017 የተከፈተው ሪናሼንቴ የተባለው ባለ ብዙ ፎቅ መደብር ይበቃዎታል። በምድር ቤቱ ውስጥ በግንባታው ወቅት የተገኘው የጥንታዊ ሮማውያን የውሃ መስመር ቅስቶች እንዳሉ ተጠብቀው ይታያሉ፤ ለማየትም ክፍያ የለውም።

እኔ ግን ዕቃ ለመግዛት የወጣን ሰው የምልከው የሮም ነዋሪዎች ራሳቸው ወደሚገዙባቸው ሁለት ጎዳናዎች ነው። አንዱ ከቫቲካን አጠገብ ከፒያሳ ሪሶርጂሜንቶ እስከ ቴቬሬ ወንዝ የሚዘልቀው ቪያ ኮላ ዲ ሪዬንዞ ሲሆን በምድር ባቡር በኤ መስመር ኦታቪያኖ ወይም ሌፓንቶ ወርደው ይደርሱበታል። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሱቆቹም መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የጣሊያን ጫማና ልብስ ይሸጣሉ፤ ቅዱስ ጴጥሮስን ለመሳለም የሄደ ሰውም ሌላ ጉዞ ሳያስፈልገው በእግሩ ይደርሳል። ሁለተኛው ከሳን ጆቫኒ የምድር ባቡር ጣቢያ የሚነሳው ቪያ አፒያ ኑዎቫ ነው። ይህ ጎዳና ጎብኚ የማይበዛበት በመሆኑ ሻጮቹ ለማስረዳት ጊዜ አላቸው፣ ዋጋውም የሰፈር ነዋሪን ኪስ ያገናዘበ ነው። ለአብዛኛው አንባቢ ከሁሉም የሚስማማው ይህ ይመስለኛል።

ወደ ትንሽ ሱቅ ሲገቡ «ቦንጆርኖ» ብሎ ሰላምታ መስጠት የግድ የሚባል ጨዋነት ነው፤ ሰላም ሳይሉ ዕቃ ማገላበጥ የባለሱቁን ፊት ያጠቁራል። በሱቅ ውስጥ የዋጋ ክርክር የተለመደ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ዕቃ ሲገዙ ግን ቅናሽ ይኖር እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ አያስነውርም።

አራተኛ፦ ቆዳውን እና ወርቁን ይመርምሩ

በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ ጫማ ሁሉ ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ምልክቱን ከሶሉ ሥር፣ ከውስጥ በኩል ወይም በክር ከታሰረው ካርድ ላይ ያገኙታል። ሦስት ረድፎች አሉት፤ አንዱ የጫማውን የላይኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ገበሩንና የውስጥ ንጣፉን፣ ሦስተኛው ሶሉን ያመለክታል። ከእያንዳንዱ ረድፍ ጎን ከሚታዩት ሥዕሎች የተገፈፈ ሌጦ የሚመስለው ቅርጽ እውነተኛ ቆዳን፣ እንደ መረብ የተጠላለፈው መስመር ጨርቅን፣ ባዶ የአልማዝ ቅርጽ ደግሞ ሰው ሠራሽን ጨምሮ ሌላ ማንኛውንም ነገር ያመለክታል። በሌጦው መካከል ትንሽ አልማዝ ካለ ቆዳው በሌላ ነገር የተቀባ ወይም የተለበጠ ነው። ምልክቱ የሚሰጠው ከክፍሉ ቢያንስ 80 በመቶውን ለሚሸፍነው ነገር ነው።

ለአዲስ አበባ አየርና መንገድ የምመክረው ፊቱም ገበሩም ቆዳ የሆነ፣ ሶሉ ግን ጎማ የሆነ ጫማ ነው። የቆዳ ሶል ውብ ቢሆንም በክረምታችን ዝናብና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታል፣ ቶሎም ያልቃል። ገበሩ ሰው ሠራሽ የሆነ ጫማ ደግሞ ፊቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቆዳ ቢሆን እግርን ያልባል። ጫማውን በእጅዎ ይዘው ፊቱን በቀስታ ያጥፉት፤ ጥሩ ቆዳ ቀጫጭን ተፈጥሯዊ ሽብሽባት ያሳይና ሲለቁት ይመለሳል፣ የተለበጠው ግን አንድ ወፍራም እጥፋት አውጥቶ እንደ ወረቀት ምልክቱን ይዞ ይቀራል። ሶሉ ከፊቱ ጋር የተያያዘው በስፌት መሆኑንም ዙሪያውን ይመልከቱ፤ የተሰፋ ጫማ ሶሉ ሲያልቅ ይቀየርለታል፣ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘው ግን ለጠጋኝ አይመችም። ቦርሳ ሲገዙ የውስጡን ኪስ ገልብጠው ስፌቱን ይመልከቱ፣ ዚፑንም ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ።

በወርቅ ረገድ የጣሊያን ጌጥ በአብዛኛው 18 ካራት ሲሆን ማኅተሙ 750 ይላል፤ 585 የሚለው 14 ካራት ነው፣ 925 ደግሞ የብር ማኅተም ነው። ከዚህ ሌላ የሠሪውን ቁጥርና የአውራጃውን ሁለት ፊደል የያዘ ትንሽ ማኅተም መኖር አለበት፤ ለምሳሌ የወርቅ ሥራ ከተማ የሆነችው የአሬዞ ሠሪዎች የሚታወቁት በከተማቸው ስም ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ሁለቱ ማኅተሞች በማጉያ መነጽር እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ እምነት የሚጣልበት ወርቅ ቤት ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም። የግራሙን ዋጋ ከዕለቱ የወርቅ ዋጋ ጋር ሲያነጻጽሩ የሠሪው የእጅ ዋጋ ስንት እንደሆነም ወዲያውኑ ይገለጥልዎታል።

በሐውልቶች አጠገብና በድልድዮች ላይ በአንሶላ ተዘርግተው የሚሸጡ የታዋቂ ስም ቦርሳዎችን ግን ፈጽሞ አይግዙ። ዕቃው ሐሰተኛ ከመሆኑ በላይ በጣሊያን ሕግ የሚቀጣው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ገዢውም እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል።

አምስተኛ፦ ገበያዎቹን በየባሕርያቸው ይወቁ

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የኤስኩዊሊኖ ገበያ ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ሲሆን በምድር ባቡር ከሆነ በኤ መስመር ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ይወርዳሉ። ቀድሞ በፒያሳ ቪቶሪዮ አደባባይ በድንኳን ይካሄድ የነበረው ይህ ገበያ ዛሬ ጥንት የጦር ሰፈር በነበሩ ሕንፃዎች ውስጥ ገብቷል። ከእስያ፣ ከአፍሪካና ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ስደተኞች የሚፈልጉት ሁሉ እዚህ ይገኛል፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ምስር፣ ትኩስ ዝንጅብል፣ ቃሪያ እና የበግ ሥጋ የሚፈልግ ሰው ተስፋ ቆርጦ አይመለስም። ከእሑድ በቀር ጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ብዙዎቹ መደቦች ይነሳሉ። በዙሪያው ባሉት ጎዳናዎችና በተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ ምሳዎን በዚያው ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ስለ ከተማዋ ዋጋም ከዚያ ከሚያገኙት ሰው የተሻለ መካሪ አይኖርም። በአትክልት መደብ ላይ ፍሬውን ራስዎ እየጨመቁ አይምረጡ፤ በጣሊያን ልማድ የሚያነሳው ሻጩ ነው፣ እርስዎ የሚፈልጉትን ብቻ ያመልክቱ።

እሑድ ጠዋት በትራስቴቬሬ ሰፈር የሚቆመው የፖርታ ፖርቴሴ ገበያ ልባሽ ጨርቅ፣ አሮጌ መጻሕፍት፣ የቤት ዕቃ እና ርካሽ አዳዲስ ልብሶች የሚሸጡበት ረጅም የጎዳና ገበያ ነው። ከ8 ሰዓት በፊት ስለሚያልቅ ማልደው ይድረሱ። እዚህ ዋጋ መከራከር ይፈቀዳል፣ ይጠበቃልም። ኪስ አውላቂ የሚበዛበት ስለሆነ ፓስፖርትዎን ማረፊያዎ ትተው፣ ለዕለቱ የሚበቃዎትን ጥሬ ገንዘብ ብቻ በፊት ኪስዎ ይዘው ይሂዱ፤ በምድር ባቡሩ ኤ መስመርና ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን አካባቢ በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እሑድ የማይመቸው ሰው በሳን ጆቫኒ አቅራቢያ ባለው የቪያ ሳኒዮ ገበያ በሥራ ቀናት ጠዋት ያገለገለ የቆዳ ጃኬትና ካፖርት ማግኘት ይችላል።

ስድስተኛ፦ ወደ ከተማው ዳርቻ መውጣት ያዋጣል?

ከከተማው በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና በ2003 የተከፈተው ካስቴል ሮማኖ የታወቁ ስሞች ያለፈ ወቅት ምርታቸውን በቅናሽ የሚሸጡበት መንደር ነው። ከመሐል ከተማ አውቶቡስ ይመላለሳል። የሚያዋጣው ሙሉ ልብስና ካፖርትን የመሰለ ዋጋው ከፍ ያለ ነገር ለሚገዛ ሰው ሲሆን ለሁለት ሸሚዝ ብሎ ግማሽ ቀን ማጥፋት አያስፈልግም። ለዚህ ዓይነት መንደሮች ብቻ ተብሎ የሚመረት ዕቃም ስላለ፣ ከላይ እንደተገለጸው ስፌቱንና ገበሩን መመርመር እዚህም አይቀርም። በረራ እስኪደርስ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ያሉት መንገደኛ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ በኤፍ ኤል 1 ባቡር የመጀመሪያው ማቆሚያ በሆነው በፓርኮ ሌዮናርዶ ያለውን ትልቅ የገበያ ማዕከል ሊጎበኝ ይችላል።

ሰባተኛ፦ ለቤት የሚሆን ምግብና ዕቃ

ምግብ ከተራ ሱፐርማርኬት ይግዙ፤ በሐውልቶቹ አጠገብ በሪባን ታስሮ የሚሸጠው ባለ ቀለም ፓስታ ዋጋው የማሸጊያው ነው። ለጾም የሚሆን ፓስታ የሚፈልጉ ከዱረም ስንዴና ከውሃ ብቻ የተሠራውን፣ «ሴሞላ» የሚል የተጻፈበትን ይውሰዱ፤ «አሉዎቮ» የሚለው እንቁላል ያለበት ነው። የፓርሚጃኖ ሬጃኖ አይብ ሲገዙ ቅርፊቱ ላይ በነጠብጣብ የተጻፈው ስሙ መኖሩን ይመልከቱ፣ አየሩ በወጣለት ላስቲክ እንዲታሸግም ይጠይቁ። በቪያ ኮላ ዲ ሪዬንዞ የሚገኘውና ከ1932 ጀምሮ የሚታወቀው ካስትሮኒ ቡና ራሱ ቆልቶ ይሸጣል፣ የብዙ አገር ቅመማ ቅመምና ምግብም አለው።

በ1933 የተፈለሰፈችውና ቢያሌቲ የሚያመርታት ባለ ስምንት ጎን የሞካ ቡና ማፍያ ለስጦታ የምትመች፣ በጋዝም በኤሌክትሪክ ምድጃም የምትሠራ ዕቃ ናት፤ ከአሉሚኒየም የተሠራችው ግን በኢንዳክሽን (በመግነጢስ ኃይል በሚያሞቅ) ምድጃ ላይ ስለማትሠራ ለዚያ የብረት ወለል ያላትን ይምረጡ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከገዙ የጣሊያን ኃይል ከአገራችን ጋር ስለሚስማማ ማስተካከያ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ሦስት እግሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩት የጣሊያን መሰኪያ በብዙ ቤቶች ሶኬት ላይገባ ስለሚችል ሁለት ክብ እግር ያለውን ይፈልጉ።

ስምንተኛ፦ ደረሰኝ፣ ጉምሩክ እና የታክስ ተመላሽ

ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ። የተበላሸ ሆኖ የተገኘ ዕቃ በሕግ የሁለት ዓመት ዋስትና አለው፤ «አልወደድኩትም» ብሎ መመለስ ግን በባለሱቁ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት መያዝ በጉምሩክ ፊት ለንግድ የመጣ ሊያስመስል እንደሚችልም ያስቡ።

በመመለሻዎ ቀን ከተለመደው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመው አውሮፕላን ማረፊያ ይድረሱ። ታክስ የሚመለስበትን ዕቃ በሻንጣ ውስጥ ካደረጉ ሻንጣውን ከማስረከብዎ በፊት ወደ ጉምሩክ ይሂዱ፤ መኮንኑ ዕቃውን ላየው ሊል ስለሚችል ከላይ በኩል ያስቀምጡት፣ ያልተጠቀሙበትም ይሁን። በሌላ የአውሮፓ ከተማ በኩል የሚያልፉ ከሆነ እስከ አዲስ አበባ የሚላከው ሻንጣ ጉዳይ በሮም፣ በእጅ የያዙት ዕቃ ደግሞ ከኅብረቱ በሚወጡበት የመጨረሻ አውሮፕላን ማረፊያ ይፈጸማል። ዕቃው ከተገዛበት ወር ቀጥሎ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ከኅብረቱ መውጣት አለበት። ጉምሩኩ ካጸደቀ በኋላ ወደ ተመላሽ ከፋዩ ድርጅት መስኮት ይሄዳሉ፤ ድርጅቱ የአገልግሎት ዋጋውን ስለሚቀንስ የሚደርስዎት ገንዘብ ከሙሉው ታክስ ያነሰ ይሆናል፣ በጥሬ ገንዘብ ሲወስዱ ደግሞ ተጨማሪ ተቀናሽ ስለሚኖር ለማይቸኩል ሰው በባንክ ካርድ መቀበል ይሻላል። የወይራ ዘይቱን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ፣ በልብስ ጠቅልለው ማስገባትዎን ከዚህ ሁሉ በፊት ያረጋግጡ፤ በፍተሻው በር ላይ ከተያዘ ተመልሶ አይሰጥም።